ለሂፖሊቶስ የሚቆረጥ ጸጉር

በትሮዜን ጸጉሩን ሳይቆርጥ ያገባ ሰው የለም። ወንድም ሴትም፣ ያለውም የሌለውም። ሠርጉ ሲቃረብ ሁለቱ እጮኛሞች ከየቤተሰባቸው ጋር ወደ ሂፖሊቶስ መቅደስ ይወጣሉ። ካህኑ ከእያንዳንዳቸው ራስ ላይ አንድ ቁንዳላ ይቆርጣል። ሲቆርጥም «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እሷ የእሱን ስም ትጠራለች፤ እሱም የእሷን። ቁንዳላው እዚያው ይቀራል። ድግሱ የሚደገሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚርቶ ይህን ያወቀችው ጥርስ ሳታበቅል ነው ማለት ይቻላል። እናቷ ክሊኖ ጸጉሯን ባበጠረች ቁጥር ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለውን ቁንዳላ ለብቻው ትለይና «ይቺ የእሱ ናት፤ እንዳትነኪያት» ትላታለች። ልጅቷም አልነካችም። አንድ ቀን ምንጭ ዳር ከእኩያዋ ጋር ተጣልታ ጸጉር ለጸጉር ሲያያዙ «በቀኝ በኩል ጎትቺ! ግራው የእኔ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ይህን ይዞ ለዓመታት ሳቀባት።

የሂፖሊቶስን ታሪክም የሰማችው በማበጠሪያው ሥር ቁጭ ብላ ነው። ክሊኖ ታሪክ ማስረዘም አትወድም።

«የቴሴዎስ ልጅ ነበር» ትላለች። «እዚሁ እኛ አገር አደገ። ከፈረስና ከአደን በቀር የሚያውቀው የለም። ሴት ቀና ብሎ አያይም፤ የሚያገለግለው አርጤምስን ብቻ ነው። የእንጀራ እናቱ ፌድራ ወደደችው። እምቢ አላት። ባሏ ዘንድ በሐሰት ከሰሰችውና ታንቃ ሞተች። አባትየው አመነ። የገዛ ልጁን ረገመው። የባሕሩ አምላክ እርግማኑን ሰምቶ ከማዕበሉ ውስጥ በሬ አወጣ። ፈረሶቹ ደነበሩ፣ ክንዱ ላይ የጠመጠመው ልጓም ወይራው ላይ ተያዘ፣ ልጁም በገዛ ፈረሶቹ ተጎትቶ ሞተ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባትየው እውነቱን አወቀ። ምን ያደርጋል! አርጤምስ ግን ‹አንተ ሳታገባ ሞትክ፤ ከእንግዲህ የሚያገቡ ሁሉ አስቀድመው ወደ አንተ ይመጣሉ› አለችው።»

«አባቱ ለምን ልጁን አልጠየቀውም?»

«ራስሽን አቅኚ።»

አቴናውያን ቴሴዎስ የእኛ ነው ይላሉ። ይውሰዱት። ቴሴዎስ ከሥሩ ሰይፍ ሊያወጣ ገልብጦ ያነሣው ድንጋይ ትሮዜን ውስጥ አለ፤ ልጆች ይንሸራተቱበታል፤ ፍየሎች ይተኙበታል። አገሩ የሚሳሳው ለልጁ ለሂፖሊቶስ ነው። መቃብሩ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ለባዕድ ግን የሚያሳይ የለም። እንግዳ ከጠየቀ «ኧረ አልሞተም! ሰማይ ላይ ያለው የሠረገላ ነጂ ኮከብ እሱ ነው» ይባላል። ሚርቶ ውኃ ስትቀዳ በየቀኑ በመቃብሩ አጠገብ ታልፍ ነበር። እንግዳ ሲያስቆማት እሷም ወደ ሰማይ ታመለክታለች፤ ጠራራ ፀሐይም ቢሆን።

አባቷ ሲሞስ መረብ የሚጠግን ሰው ነበር። አንድ ክረምት ከጀልባ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሁለት ዓመት ያህል ቤት ዋለ። በእነዚያ ዓመታት ሚርቶ ሱፍ እየነደፈችና እየሸመነች ቤቱን ይዛ ቆየች። እኩዮቿ አንድ በአንድ ጸጉራቸውን ቆርጠው አገቡ። ሽማግሌ የላኩ ነበሩ፤ ሲሞስ «እስክቆም ጠብቁኝ» አላቸው፤ አልጠበቁም። ሲሞስ በምርኩዝ መቆም ሲጀምር ልጁ ሃያ ሊሞላት ነበር። በትሮዜን ይህ ለሴት ልጅ ፀሐይ ዘቅዘቅ ያለችበት ሰዓት ነው።

ያኔ ነው ጎርጎስ የመጣው።

ጎርጎስ ከወደቡ ወደ ከተማው ጭነት የሚያወጣ በቅሎ ነጂ ነበር። ወገቡ ሲደክም ሥራውን ለልጁ ለሶዳሞስ ለቀቀ፤ አፉ ግን አልደከመም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ የተቃጠለ ምስር ሲበሉ ኖረዋል። ለሽምግልና ሲመጣ ነገሩን አላስጌጠውም።

«ሲሞስ፣ ወንድሜ፣ ቤቴ ሴት ያስፈልገዋል። ልጄ ምስር ማሳረር እንጂ መቀቀል አያውቅም። ልጅህ ሠራተኛ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ልጅህስ ምን ይላል?» አለ ሲሞስ።

«ልጄ ምንም አይልም። ከበቅሎ ጋር ውሎ ከበቅሎ ጋር ያድራል። ግን በመንገዳችሁ ማለፍ ካበዛ ከርሟል። በእናንተ በኩል ወደ ወደቡ መሄድ ዙሪያ ጥምጥም ነው።»

ሚርቶ ከሽመና ዕቃዋ ኋላ ሆና ይህን ሰማች። ዙሪያ ጥምጥም መሆኑን ታውቅ ነበር። እሷም በዚያ ሰዓት በር ላይ መቀመጥ ካበዛች ቆይታለች።

ነገሩ አለቀ። ሠርጉ ሰው ሁሉ በሚያገባበት በክረምቱ ጨረቃ ተቀጠረ።

በበጋው መጨረሻ ከወደቡ ረግረግ ንዳድ ተነሣ። በየዓመቱ ይነሣል፤ ያን ዓመት ግን የጨከነ ነበር። ሚርቶን ወይን ሲቆረጥ ያዛት፤ ወይራ መለቀም ሲጀመር ለቀቃት። በመሐል የሆነውን እሷ አታውቀውም። የምታውቀው ከንፈሯ ላይ የነበረውን ውኃ ብቻ ነው። ከሰፈሩ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ይህ ግን የላይኛው ምንጭ ውኃ ነበር። ወደዚያ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ማን ነው የሚያመጣው?» አለች መናገር ስትችል።

«በሩ ላይ ይቀመጣል» አለች ክሊኖ። «ማታ ጭነቱን አራግፎ ወደ ተራራው ይወጣል። አይገባም፤ አያንኳኳም። ማሰሮውን አስቀምጦ ይሄዳል። ትናንት ‹ግባ እንጂ› ብለው በቅሎውን ይዞ ሮጠ።»

ሚርቶ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመዳን የፈለገችው ያን ዕለት ነው።

ዳነች። ክሊኖ ደስ ብሏት ልታበጥራት ተቀመጠች። ማበጠሪያው አንዴ ወርዶ ሞልቶ ወጣ። ደግማ አበጠረች፤ እንደገና ሞላ። ሦስተኛ አልሞከረችም። ከዚያ በኋላ ጸጉሩ በማበጠሪያ ሳይሆን በትራስ፣ በእጅ፣ በነፋስ መሄድ ጀመረ። ከግራ ጆሮ በላይ ያለው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተነካው ቁንዳላ፣ አንድ ጠዋት እንዳለ ተነቅሎ በክሊኖ መዳፍ ላይ ቀረ።

እናትና ልጅ ተያዩ። ሲሞስ ከበሩ አጠገብ ሆኖ «ይበቅላል» አለ።

«እስከ ሠርጉ?» አለች ክሊኖ።

ሲሞስ መረቡን አነሣ።

ወሬው ጎርጎስ ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። በማግስቱ መጣ፤ ምርኩዙን መሬት ላይ እየመታ ተናገረ። ልጅቷ በመትረፏ ደስ ብሎታል፤ አማልክት ይመስገኑ። ነገር ግን እሱ አርጅቷል። ቤቱ ሴት ይፈልጋል። ያለ ቁንዳላ ጋብቻ የለም፤ ያለ ጸጉር ደግሞ ቁንዳላ የለም። የእንጨት ነጋዴው ሴት ልጁን ለሶዳሞስ ሊሰጥ አንድ ሁለቴ ጠቆም አድርጓል። በክረምቱ ጨረቃ ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ማንም አይቀየም።

ሄደ። ሚርቶ ሻሿን ራሷ ላይ አጥብቃ አሰረች። ከንዳድ የተነሣች፣ መላጣ፣ ሃያ ዓመቷ። ይህ ከፈረሰ ሌላ በር የሚያንኳኳ እንደማይኖር ለራሷ አልደበቀችም። ቢኖርም ደግሞ የላይኛውን ምንጭ ውኃ ያመጣው ሰው አይሆንም።

ክሊኖ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን የወደቀውን ቁንዳላ ከሣጥን አውጥታ በሱፍ ክር ሰፋችው። ክሩን ከሻሹ ጠርዝ ጋር አያያዘችው። ሚርቶ ራስ ላይ ስታደርገው ቁንዳላው ከግራ ጆሮዋ በላይ እንደ ድሮው ወረደ።

«ካህኑ ዓይናቸው ደክሟል» አለች። «ሻሽሽን አታወልቂም፤ ታመሽ ተነሥተሻል፤ ብርድ ነው ትያለሽ።»

«እማ!»

«የማን ጸጉር ነው? ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«ከሌላ ሰው ሰረቅን?»

«አልሰረቅንም።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?»

ሚርቶ ሻሹን ሳታወልቅ ወደ ሱፏ ተመለሰች። ይህም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

በቀጠሮው ጠዋት ወደ መቅደሱ ወጡ። ሲሞስ በምርኩዙ፣ ክሊኖ የገብስ ቂጣና በለስ በእጇ፣ ጎርጎስ ከሁሉም ፊት ፊት። ሶዳሞስ ከኋላ ነበር። ታጥቧል፤ ግን በቅሎ በቅሎ ይሸታል። ሲተላለፉ «ደኅና ነሽ?» አላት። «ደኅና ነኝ» አለችው። ከተጫጩ ወዲህ ከዚህ የረዘመ ወሬ አውርተው አያውቁም።

ካህኑ አርኬላስ በዚያ መቅደስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። እዚያ ካህን የሆነ እስኪሞት ካህን ነው። የጎርጎስንም የሲሞስንም ቁንዳላ የቆረጠው እሱ ነው። ሚርቶን በደጁ ባለው የመቁረጫ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ራሷን በእጁ ዳሰሰ። ጣቶቹ ቁንዳላውን አገኙት። ሌላው እጁ መቀሱን አነሣ።

«ለማን ነው?» አለ።

ሚርቶ አፏን ከፈተች። የሶዳሞስ ስም አፏ ውስጥ ነበረ። ከፊቷ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሳለው ሂፖሊቶስ ከነፈረሶቹ ቆሟል፤ ቀለሙ በዝናብ ገርጥቷል። ሰው በሐሰት ከሶት፣ የወለደው አባት አምኖ፣ ሳያገባ የሞተ ልጅ። ያ ልጅ ራሱ ዘንድ ነው የተሰፋ ጸጉር ይዛ የመጣችው።

«አባባ፣ ይቆዩ» አለች።

ሻሿን ፈታች። ሻሹም ቁንዳላውም አብረው እጇ ላይ ወደቁ። የክረምቱ ብርድ ራሷን ነካት።

«ተሰፍቶ ነው። ንዳዱ ነው ያረገፈው። ይህ ልጅ በውሸት ነው የሞተው፤ ሌላ ውሸት ላመጣለት አልቻልኩም።»

ክሊኖ ዓይኗን ጨፈነች። አርኬላስ ቁንዳላውን ተቀብሎ አገላብጦ ዳሰሰውና መለሰላት። አልተቆጣም።

«ይህን ንዳዱ ወስዶታል፣ ልጄ። አንቺ አልሰጠሽውም። ንዳድ የወሰደውን መልሶ ለሂፖሊቶስ መስጠት አይሆንም። ሂጂና ሲበቅል ነይ።»

«ሲበቅል!» አለ ጎርጎስ። «መቼ? የቀብሬን ድግስ ስትበሉ?» ወደ ሲሞስ ዞረ። «በቃ። ሰምተሃል። እኔ ልጅቷን አልነቅፍም፤ እውነት ተናግራለች፤ እንዲያውም ከእናቷ ትሻላለች። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አበቃ። አትቀየመኝ፣ ወንድሜ።»

ሲሞስ ራሱን ነቀነቀ። ሚርቶ ከድንጋዩ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ወደ ኋላ ስትመለከት ድንጋዩ ላይ ሶዳሞስ ተቀምጧል።

«ተነሣ» አለው አባቱ።

ሶዳሞስ ወደ ካህኑ ነው ያየው። «የእኔን ይቁረጡልኝ።»

«ሴቲቱ ናት የምትቀድመው፣ ልጄ።»

«ወንዱ አይቅደም የሚል ሕግ አለ?»

አርኬላስ አሰበ። ለሽማግሌው በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበለትም። «ልማድ ነው። ሕግስ የለም።»

«እንግዲያው ይቁረጡ።»

«አንተ ልጅ!» ጎርጎስ ምርኩዙን ጥሎ መጣ። ግን ሽማግሌ ነውና ፈጥኖ አልደረሰም።

«ለማን ነው?» አለ ካህኑ።

«ለሚርቶ። ለሲሞስ ልጅ።»

መቀሱ ገጠመ።

ጎርጎስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ነገሩ እንዳለቀ እሱም ገባው። በትሮዜን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚቆርጠው። የተጠራ ስም አይመለስም። ሶዳሞስ ከእንግዲህ ሚርቶን ያገባል፤ ሚርቶ ካልሆነች እሷ በሕይወት እስካለች ማንንም አያገባም። የእንጨት ነጋዴው ልጅ ለሌላ ሰው ምስር ትቀቅል።

«በቅሎ!» አለ ጎርጎስ። «በቅሎ ነው የወለድኩት! ሰው ይወለዳል ብዬ ስጠብቅ በቅሎ!»

«በቅሎ አይወልድም፣ አባዬ» አለ ሶዳሞስ ጸጉሩን እያራገፈ። ሚርቶ ከዚያ በፊት ሲቀልድ ሰምታው አታውቅም።

ቁልቁል ሲወርዱ አጠገቧ መጣ። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው ቦታ እንደ ታጨደ ማሳ ገጥጦ ይታያል።

«እምቢ ቢለኝስ ጸጉሩ?» አለችው። «ባይበቅልስ?»

«ውኃ አመጣለታለሁ» አላት።

ሚርቶ ዕድሜ ጠገበች። አራት ወልዳ ሦስት አሳደገች፤ ጎርጎስን እስኪሞት ጦረችው፤ ሶዳሞስንም ቀበረችው። በእርጅናዋ የልጅ ልጆቿን ስም ታቀያይር ነበር። ያን ቁልቁለት ግን አልረሳችም። ደግ ነገር የተደረገለት ሰው ብዙ ጊዜ ደግነቱን የሚያውቀው ቆይቶ ነው። እሷ እዚያው፣ በተደረገላት ሰዓት አወቀችው። ለዚህም ስታመሰግን ኖረች።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ከተማው ደግሞ ሥራ ፈት። ሶዳሞስ ጭነት ይዞ በገበያው ባለፈ ቁጥር ይጠሩታል።

«ሶዳሞስ፣ ግማሽህ አግብቷል ይላሉ። የቱ ነው?»

«የሚበላው አይደለም» ይላል ሶዳሞስ። እሱና አባቱ አሁንም ያረረ ምስር ላይ ነበሩ።

ዓሣ ሻጯ ደግሞ ከሁሉም ትብስ ነበር። «ምነው ለኛ አልቆረጥክ! እኔ ከነጸጉሬ ነበርኩልህ!»

«አንቺማ ጢምም አለሽ፣ እትዬ።»

ገበያው በሳቅ ይሸኘዋል። ሚርቶ ይህን ስትሰማ በሻሿ ውስጥ ትስቅ ነበር።

ጎርጎስ ለአንድ ወር ያህል የሲሞስን ቤት አልረገጠም። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመ። አልገባም፤ ጉሮሮውን አጸዳ።

«ዝናቡ ጥሩ ነው ዘንድሮ» አለ። «በቀለ ወይ?»

«ምኑ?» አለች ክሊኖ።

«የልጅቷ ራስ ነዋ!»

«አያ ጎርጎስ፣ ጸጉር ነው እንጂ ገብስ አይደለም።»

«ገብስማ ቢሆን አረም እነቅልለት ነበር።» ከካባው ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ይህን ቀቢያት። የድብ ስብ ነው አለኝ የሸጠልኝ ሰው። ከአርካዲያ ነው። እዚያ ድቡም ሰዉም ጸጉራም ነው።»

የድብ ስብ ይሁን የሌላ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሚርቶ ውኃ ስትወርድ የሰፈሩ ድመቶች ይከተሏት ጀመር። ክሊኖ ልትጥለው ፈለገች፤ ሚርቶ አልፈቀደችም። ያ ሽማግሌ ለማንም ሰው ምንም ገዝቶ አያውቅም፤ አገር ያወቀው ነው። ስቡን እስኪያልቅ ተቀባችው፤ ከምስጋና ጋር፣ ትንፋሿን ይዛ።

በስቡም ይሁን በራሱ ጊዜ፣ ጸጉሩ ወጣ። ግን የድሮው አልነበረም። የድሮው ለስላሳና ረዥም ነበር፤ አዲሱ እንደ ጠቦት ጸጉር የተጠቀለለ ሆነ። ቀን ቢቆጠርም አይረዝምም፤ ይጠቀለላል እንጂ። ጎርጎስ በየገበያው ቀን መጥቶ ይጠይቃል። ክሊኖ በጣቷ ትለካለች። «የጥፍር ያህል።» «የጣት አንጓ ያህል።» ቁንዳላ ብለው የሚያውቁት ሁሉ ክንድ ያህል ነውና፣ ከዚያ ያነሰ ይዞ ወደ መቅደስ መውጣትን ማንም አላሰበውም። የወይን ቅጠል ወጣ። በጎች ተሸለቱ። ገብስ ታጨደ። ሚርቶ ሌሊት ሻሿን አውልቃ ጸጉሯን በእጇ እየጎተተች ታቃናው ነበር፤ ስትለቀው ይመለሳል።

ገብሱ በተወቃ ሰሞን የጎርጎስ ትዕግሥት አለቀ። ሚርቶ ሱፍ እየነደፈች ሳለ በሩን በምርኩዙ መታ።

«ተነሡ። ሁላችሁም። ሽማግሌውን እንጠይቀዋለን። ስንት መሆን እንዳለበት ይንገረንና ቁርጣችንን እንወቅ። አራት ዓመት ካለን አራት ዓመት ይበለን፤ እኔም መቃብሬን ልቆፍር።»

«በሥራ ልብሷ?» አለች ክሊኖ።

«ልትጠይቅ ነው እንጂ ልትሞሸር ነው እንዴ?»

ሶዳሞስን ከመንገድ ላይ ከነጭነቱ ወሰዱት። አርኬላስን መቅደሱ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ አይብ እየበላ አገኙት።

«አባባ» አለ ጎርጎስ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ «ስንት ክንድ ነው?»

«ምኑ?»

«ቁንዳላው! ስንት ሲሆን ነው የሚቆርጡት?»

አርኬላስ አይቡን አስቀመጠ። «ክንድ? ክንድ ነው ያለው ማን ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አላለም።

«ከራስ ላይ መቆረጥ አለበት» አለ ካህኑ። «ሌላ ምንም የለም። መቀስ ከያዘው ይበቃል። ሂፖሊቶስ እዚያ ላይ ሆኖ በክንድ የሚለካ ነጋዴ መሰላችሁ እንዴ?» ሚርቶን ወደሱ ጠራና እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ ጸጉሩ ውስጥ ሰመጡ። «ውይ! ይህማ ከወይን ቅጠል በፊትም ይቆረጥ ነበር። እኔ ምነው ቀሩ እያልኩ ነው የከረምኩት። ተጣሉ ብዬ አስቤ አዝኜ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም!» አለ ጎርጎስ።

«ለምን አትጠይቁም?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚርቶ ናት። ቆማ መሳቅ አቅቷት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሲሞስ ተከተለ፤ ሲስቅ አይታው የማታውቀው አባቷ ምርኩዙን ይዞ ተንፈራፈረ። ክሊኖ አለቀሰችም ሳቀችም። ጎርጎስ ብቻ አልሳቀም።

«ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች» አለ። «አሁኑኑ ይቁረጡ። አንድም ሰው ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል።»

አርኬላስ እጁን ታጥቦ መቀሱን አመጣ። ከግራ ጆሮዋ በላይ አንዷን ጥቅልል በጥፍሮቹ ይዞ ለማቃናት ታገለ። ልብሷ ላይ የሱፍ ብናኝ ነበር፤ ጣቶቿ በሱፍ ቅባት ይብረቀረቁ ነበር።

«ለማን ነው?»

«ለሶዳሞስ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ለጎርጎስ ልጅ።»

የተቆረጠው ጸጉር የበግ ግልገል ጆሮ ላይ የሚገኝ ያህል ነበር። በክር ቢታሰር የሚጠፋ ሆነ። አርኬላስ ደጁ ላይ ካለው ባርሰነት ከሚባል ቁጥቋጦ ቅጠል ቀጥፎ በቅጠሉ ጠቀለለውና ይዞት ገባ። በዓመታት ጥበቃ ያደጉ፣ ክንድ ክንድ ከሚያክሉ ከከተማው ሴቶች ቁንዳላዎች ጎን አኖረው። ሚርቶ በደጁ ቆማ «ተቀበለኝ፤ አመሰግንሃለሁ» አለች። ሌላ የምትጨምረው አላገኘችም።

ሠርጉ ጨረቃ ስትሞላ ሆነ። የሚያገባ ሰው በሌለበት ወር፣ በሙቀት። ከተማው ግን ወጣ። ዓሣ ሻጯ ከሁሉ በላይ ዘፈነች።

ችግሩ የሙሽራ መሸፈኛው ነበር። መሸፈኛ በጸጉር ላይ በመርፌ ነው የሚያዘው፤ የሚርቶ ጸጉር ደግሞ መርፌ አይዝም። ክሊኖ በጥብጣብ አሰረችው። ሠረገላው ላይ ወጥታ ገና ሳይንቀሳቀሱ ከባሕሩ ነፋስ መጣና ጥብጣቡን ፈታው። ሶዳሞስ በግራ እጁ ያዘላት፤ መዳፉን ራሷ ላይ አሳርፎ። በአንድ እጁ የቀረውን ልጓም ለማጠንከር ክንዱ ላይ ሊጠመጥመው ቃጣ።

«ተው!» ብሎ ሰዉ ሁሉ ጮኸ። ትሮዜን ውስጥ ልጓም በክንዱ የሚጠመጥም የለም። ሂፖሊቶስን የገደለው ይህ ነው።

ሶዳሞስ ደነገጠ። መሸፈኛውን ቢለቅ ይበራል፤ ልጓሙን ቢለቅ በቅሎዋ ትሄዳለች። ጎርጎስ ይህን አይቶ ከድግሱ ሰዎች መሐል ወጣ። ምርኩዙን ለሲሞስ አስያዘና የበቅሎዋን አፍ ያዘ።

«እኔ እስባታለሁ» አለ። «አንተ የሚስትህን ራስ ጠብቅ። ብዙ ደክመንበታል።»

እንዲህ ሆነው ከተማውን አቋረጡ፤ ሽማግሌው ፊት ፊት እያነከሰ፣ ችቦ የያዙ ዘመዶች ግራና ቀኝ። ሚርቶ ከሠረገላው ላይ ሆና ወደ ታች አየች። የጎርጎስ ማጅራት በላብ ረጥቦ ይታያል። ከራሷ ላይ ያለው መዳፍ ከባድ ነበር፤ ማሰሮ በመያዝ የመጣ ሻካራነት በመሸፈኛው አልፎ ይሰማታል። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ብሎ ከመዳፉ ሥር ተጨፍልቋል። ደህና ተበጥራ ረዥም ጸጉሯን አጎንጉና ብትሆን ኖሮ ይህ እጅ እዚያ አይኖርም ነበር።

እስከ ሙሽራው ቤት መንገዱ አጭር ነው። ጎርጎስ ግን በረዥሙ በኩል ወሰዳቸው፤ በሲሞስ መንደር ዞሮ፣ ሶዳሞስ ድሮ ማለፍ ባበዛበት የወደቡ ዙሪያ ጥምጥም።